ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ልጄ፣ እናትህን አዲስ አበባ ወስደህ ጉልበቷን በካሜራ በሚታገዝ ቀዶ ጥገና ልታሳጥብላት እንዳሰብክ ሰማሁ። ተባረክ፤ እናቱን የማይረሳ ልጅ አይውደቅ። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና፣ ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት እኔን አጎትህን ጥቂት ታገሠኝ። ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ፣ ከነፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ስዞር የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስንቱን ጉልበት እንደዳሰስኩ እግዜር ይወቀው። የራሴም ዛሬ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

የምነግርህ ነገር አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው። የሕመሙ ብርታትና የጉልበቱ ጉዳት እኩል አይሄዱም። የእናትህ ጉልበት አርጅቷል፤ አልሸነግልህም። እንቅልፍ የሚነሳት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀራት ሕመም ግን የጉልበቷ ሥራ ብቻ አይደለም። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የነርቭ ሥርዓቷ ነው፤ ከጉልበት ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር አልፎ አንጎል የሚደርሰው መሥመር። ጉልበትን ወደ ልጅነቱ መመለስ አይቻልም፤ ነርቭን ማረጋጋት ግን ይቻላል። መድኃኒቱም አብዛኛው እዚሁ ደጃችን ነው።

መጀመሪያ በሽታውን በስሙ እንጥራው። እኛ አገር መገጣጠሚያውን የቆረጠመው ሰው ሁሉ «ሪህ ይዞት ነው»፣ «ብርድ ገብቶበት ነው» ይባላል። የጉና ብርድ ያደረበት ጉልበት ጠዋት አልታዘዝ እንደሚል አውቃለሁ፤ ልም አጥንትን የሚያሟጥጠው ግን ብርድ አይደለም። የእናትህን በሽታ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። ዕድሜ፣ ሸክም፣ የቆየ ጉዳትና ዘር ተባብረው የሚያመጡት ነው። እሷም ብቻዋን አይደለችም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ይህ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች 528 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። 365 ሚሊዮኑ ጉልበታቸውን የታመሙ ናቸው። ከመቶው ስድሳ ያህሉ ደግሞ ሴቶች ናቸው። የእኛን አገር ሴት ያየ ሰው አይገረምም፤ ከምንጭ እስከ ቤት ዳገቱን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ፣ ቁልቁለቱን ጭራሮ ተሸክማ፣ ምጣድ ሥር ቁጢጥ ብላ ነው ዕድሜዋን የምትገፋው።

አሁን ልብ በል። በጭን አጥንትና በቅልጥም መካከል ያለው ልም አጥንት በራሱ ነርቭ የለውም። ስለዚህ መሳሳቱ ብቻውን አያምም። የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት ሲጨነቅ፣ የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ሲቆጣና ዙሪያውን ያሰሩት ጅማቶች ሲወጠሩ ነው። ራጅ ደግሞ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ሕመምን አይደለም። ራጁ ላይ አጥንቱ ከአጥንት ሊነካካ የደረሰ ሽማግሌ ከስማዳ ቆላ አህያውን እየነዳ ዳገቱን ሲወጣ አይቻለሁ። ራጇ ይህን ያህል ያልከፋ ሴት ደግሞ ከመደብ መነሳት ሲያቅታት አይቻለሁ። ይህ የእኔ የገጠር ሰው ትዝብት ብቻ እንዳይመስልህ፤ በሠለጠነው አገርም ተደጋግሞ ተጠንቶ የተገኘው ይኸው ነው። ራጅ ብቻ ይዞ የሕመምን ምንጭ ማሳደድ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ታዲያ ሕመሙ እንዴት ይሠራል? የነርቭ ሥርዓትን የቤት ውሻ አድርገህ አስበው። በጉልበት ውስጥ የተበተኑት የነርቭ ጫፎች ጫናን፣ ሙቀትንና ከተቆጣ ሥጋ የሚረጩ ቅመሞችን ይሰማሉ። የሰሙትንም በቀጫጭን መሥመሮች፣ አንዳንዶቹ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ብቻ እየተጓዙ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ያደርሳሉ። እዚያ ድረስ ያለው ገና ሕመም አይደለም፤ የአደጋ ወሬ ነው። ወሬው እዚያ ይጣራል፤ ይጎላል ወይም ይቀንሳል። ከዚያ አንጎል ይቀበለውና ከድካም፣ ከትዝታ፣ ከፍርሃትና ከተስፋ ጋር አመዛዝኖ ይፈርዳል። «አመመኝ» የምንለው ከፍርዱ በኋላ ነው። ውሻው ሲጮህ የምታውቀው ውሻው መጠርጠሩን ነው፤ ጅቡ በደጅ መኖሩንማ ወጥተህ ማየት አለብህ።

ይህን በእናትህ ላይ አሳይሃለሁ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የሆነውን አንተ በስልክ ነው የሰማኸው። ያን ቀን ደጃፏን ለመሻገር ግድግዳ ትይዝ የነበረች እናትህ ልጆች እየመራች በጭቃና በገደል ከጠዋት እስከ ማታ ተጓዘች። ጉልበቷን አላስታወሰችውም። አንጎሏ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ስለነበረበት የጉልበቷን ወሬ ከህብለ ሰረሰሯ ላይ አፈነው። ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ፣ አብዛኞቹ ማስታገሻ አለመፈለጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፏል። ቁስሉ ትልቅ፣ ሕመሙ ግን ትንሽ ነበር።

ከዚያ በኋላስ? እናትህ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ አገሩም ጸጥ አለ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አላት። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። የጉልበቷ ሕመም የባሰው ያኔ ነው፣ ጭንቁ ካለፈ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሌሊት ከሌሊት የነቃ ውሻ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮሃል። ነርቭም ለረዥም ጊዜ የአደጋ ወሬ ሲመላለስበት ስል ይሆናል፤ ትንሹን ነገር ያጎላል፣ የማያመውንም ያሳምማል። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ ይህ መሳል በጉዳቱ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን በህብለ ሰረሰር ውስጥም እንደሚፈጠር እ.ኤ.አ. በ1983 በማስረጃ አሳየ። አባቶቻችንማ እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለው ጨርሰውታል።

ባለፈው ቤቷ ሄጄ የሆነውን ልንገርህ። ጉልበቷን ከመንካቴ በፊት ክንዷን ያዝኩና በአውራ ጣቴ መጠነኛ ጫና ሰጠሁት። እጇን አሸሸች። «ክንድሽ ታሟል እንዴ?» ብላት «ኧረ ደኅና ነው፣ ምኑ እንደሆነ እንጃ» አለችኝ። ጉልበቷ ላይ ያለውን በሽታ ክንዷ አያውቀውም፤ ነርቮቿን የሚያዘው ማዕከል ግን ሰውነቷን ሁሉ ይጠብቃል። ጤነኛ ክንድ በትንሽ ጫና ሲያም ሳይ ውሻው ከልክ በላይ መንቃቱን አወቅሁ። ይህን ለሐኪሙ ንገረው፤ የሚያዝላት መድኃኒት በዚህ ይለያልና።

ታዲያ «ሕመሙ በጭንቅላቷ ነው» ብለህ እንዳትንቅባት። ሕመሙ እውነት ነው፤ ጅቡም ጨርሶ አልጠፋም፤ መገጣጠሚያው አልፎ አልፎ ይቆጣል፣ ያብጣል። ደግሞም ውሻ የሌለው ቤት አይደላም። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ሄዶ የሥጋ ደዌ ያደከማቸውን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በሽታው ነርቭን ስለሚገድል እሾህም እሳትም አይሰማቸውም፤ ጣታቸውን የሚያሳጣቸው ያለ ሕመም የሚቆስለው ቁስል ነው። በውጭ አገርም ታኔዙማብ የተባለ መርፌ ተሠርቶ ነበር። ነርቭን የሚያነቃውን ቅመም የሚያስር መድኃኒት ነው፤ ቅመሙን ካገኙት አንዷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ከስታንሊ ኮኸን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸልማበታለች። መርፌው የጉልበት ሕመምን ቀነሰ፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹ መገጣጠሚያ በፍጥነት ፈራረሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በ19 ለ1 ድምፅ ተቃወሙት፤ በዚያው ቀረ። ውሻውን መግደል መፍትሔ አይደለም። ማረጋጋት ነው።

ለማረጋጊያውም ፈጣሪ ከውስጣችን ያስቀመጠው አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በህብለ ሰረሰር ውስጥ ለሕመም ወሬ በር እንዳለ የሚገልጽ ሐሳብ አሳተሙ። ዝርዝሩ ኋላ ቢታረምም ዋናው ጸንቷል። መዳሰስን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ይሮጣሉ፤ ቀድመው ደርሰው በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ጉልበትህን ድንጋይ ሲመታህ ሳታስበው የምታሸው ለዚህ ነው። ከላይም አንጎል ወደ ታች ትእዛዝ ይልካል፤ የሚልካቸው ቅመሞች ሞርፊንን የሚመስሉ ናቸው። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ የመጀመሪያዎቹን እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ አገኟቸው። መራመድ፣ ጥሩ እንቅልፍ፣ የሰው ፍቅርና ተስፋ ይህን ትእዛዝ ያበረታሉ። ሥጋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነትና ያለ ሥራ መቀመጥ ያደክሙታል።

አንተ ያሰብከውን ቀዶ ጥገና እንየው። በአሜሪካ ሂዩስተን 180 የጉልበት ሕሙማንን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዳንዶቹ ጉልበታቸው በካሜራ ታየና ታጠበ ወይም ተፋቀ፤ ለሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። ታካሚው የትኛው እንደተደረገለት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የታጠቡት ቆዳቸው ብቻ ከተሰፋላቸው አልተሻሉም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ያልታጠበው ሰው በምን ተሻለው ብለህ ብትጠይቅ፣ ተስፋውና እንክብካቤው ከውስጡ ያለውን ማረጋጊያ ሳይቀሰቅሱለት አልቀሩም። እሱ ደግሞ ያለ ቢላዋም ይቀሰቀሳል። በዕቁብህ ያገኘኸውን ብር ለዚህ አታፍስሰው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ያልተገላበጠ ያራል ይባላል። እናትህ ስለታመመች ተቀምጣለች፤ ስለተቀመጠች ታማለች። ጉልበት ሲያብጥ ህብለ ሰረሰር የጭኑን የፊት ጡንቻ «አትሥራ» ብሎ ያዘዋል። ጡንቻው ይሰልላል፤ የጉልበቱ ሎሚ ያለ ደጋፊ ይቀራል፤ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጡንቻውን መቀስቀስ ግድ ነው። ይህን አስተምራት፤ እኔም እሄድላታለሁ። መደቡ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። አንድ እግሯን ቀስ አድርጋ ወደ ፊት ትዘርጋ፤ ተረከዟ ከጉልበቷ እኩል ሲደርስ ጣቶቿን ወደ ራሷ ትሳብና እስከ 10 ትቁጠር። ጭኗ ላይ እጇን ስታደርግ ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማት። ከዚያ ቀስ አድርጋ ታውርደው፤ ሳትጥለው። በአንዱ እግር አሥር፣ በሌላው አሥር፤ ጠዋትና ማታ። ሲበረታላት ከፍ ካለ ወንበር ላይ ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና መቀመጥ ትጨምር። ከዚያ በሜዳው ላይ መራመድ፤ መጀመሪያ እስከ ጎረቤት፣ ቆይቶ እስከ ቤተ ክርስቲያን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

«ሲያመኝ ላቁም?» ብትልህ መልሱን ያዝ። በሥራው ጊዜ ትንሽ ቢያማት ጉልበቱ እየፈረሰ አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ትቀጥል። በማግሥቱ ካበጠ ወይም ከወትሮው ከባሰባት ታሳንስ እንጂ አታቁም። ለውጡ በሳምንታት ነው የሚመጣ፤ በሦስት ቀን «አልሠራም» ብላ እንዳትተወው። በጥናት ሲለካ ይህ ሥራ ከሚዋጡት ማስታገሻዎች የሚያንስ ጥቅም የለውም፤ ጨጓራም አይልጥም። ነፃ ስለሆነ ብቻ አትናቀው፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ሸክሟን አቅልላት። በከተማ ያለ ሰው ክብደት ቀንስ ይባላል፤ ከሰውነት የሚቀነስ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ገደማ እንደሚያቀል ተለክቷል። የእናትህ ሰውነት ቀጭን ነው፤ ክብደቷ ያለው ጀርባዋ ላይ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን የእህትህ ልጆች ያምጡላት፤ ወይም አህያ ተከራዩላት። ዱላ ከያዘች ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ትያዝ፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፣ ስሕተት ነው። በርጩማውን ከፍ አድርግላት፤ ቡናዋን ቁጢጥ ሳትል ታፍላ። መፀዳጃ ቤቱም ውስጥ የሚቀመጡበት ነገር ይሠራላት። ሁዳዴ ሲደርስ ስግደቱን ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው፤ አባ ጉልበቷን አይተው ያቀሉላታል። በቅዳሴ ጊዜ በመቋሚያ መደገፍም፣ ሲደክም መቀመጥም ነውር የለውም።

ሙቀት ይስማማታል። ሞቅ ያለ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ማድረግ፣ በቅቤ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ያነሳሁልህን በር ገርበብ ያደርጋል። በደራ ወረዳ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው እፎይ ያሉ ሰዎች ሐሰታቸውን አይደለም። ጠበሉንም አትከልክላት። ግን ሚጥሚጣ በቅቤ ለውሰው ጉልበት የሚቀቡ አሉ፤ ይህ ይቅር። ነገሩ መሠረት የለውም አልልህም፤ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል የተሸለመው በርበሬ የሚያቃጥልበትና እሳት የሚያቃጥልበት የነርቭ በር አንድ መሆኑን በማግኘቱ ነው። ከበርበሬው ቅመም የተሠራ፣ መጠኑ የታወቀ ቅባት አለ፤ ነርቩን አድክሞ ሕመሙን ይቀንሳል። የቤቱ ሚጥሚጣ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ቆዳ ይልጣል። በጋለ ብረት መተኮስና በምላጭ መብጣትም እንዲሁ፤ አዲሱ ሕመም የቆየውን ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ቁስሉ ግን ይመረቅዛል።

እንቅልፏን ጠብቅላት። ያልተኛ ሰው በማግሥቱ የሚያመው ይበዛል፤ የታመመ ደግሞ አይተኛም፤ አዙሪት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ትቀንስ፤ ቀን ፀሐይ ላይ ትውል፤ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ትተኛ። የጦርነቱን ነገር በሆዷ እንዳትቋጥረው። በሰንበቴው፣ በማኅበሯ፣ በጎረቤት ቡና ላይ ታውጋው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለሥጋ ብቻ አይደለም። ኀዘኗ ከከበደና ምግብ ከተዘጋባት ይህም ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ሐኪም ይየው።

አንደበትህንም ጠብቅ። ባለፈው በስልክ «አጥንትሽ እኮ አልቋል፣ አትንቀሳቀሺ» ብለሃታል አሉ። በፍቅር ነው ያልከው። እሷ ግን ያን ቃል ይዛ ተቀመጠች። «አልቋል» የተባለ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጥፋት ይሰማዋል፤ ፍርሃቱ ራሱ ሕመሙን ያጎላዋል። «አርጅቷል፣ ግን ይበረታል» በላት። ይህ ማባበያ አይደለም፤ እውነቱ ነው።

ስለ መድኃኒቱ። መጀመሪያ የሚቀባው ዲክሎፌናክ ይሞከር፤ ለጉልበት ይበቃል፣ ሆድንም እንደሚዋጠው አይጎዳም። የሚዋጠው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ቢለመድ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ዴክሳ የሚሏትን ዴክሳሜታዞን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትልክላት። በሁለት ቀን ታስደንሳለች፤ ከዚያ ስኳር ታስነሳለች፣ አጥንት ታሳሳለች፣ በሽታ የሚመክተውን ኃይል ታደክማለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው። ትራማዶልም ያዞራል፣ ሱስ ይሆናል፤ ሲቆይም ነርቭን የባሰ ሊያስለው ይችላል። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ እፎይታው የሳምንታት ነው፤ ሲደጋገም ልም አጥንቱን ያሳሳል። ሐኪሙ ምናልባት ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት፣ እንደ ዱሎክሰቲን ያለውን ቢያዝላት «እናቴን እብድ አላት» ብለህ እንዳትቆጣ። ያ መድኃኒት ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን የማረጋጊያ ትእዛዝ ያበረታል፤ ያዘዘው ለጉልበቷ ነው።

መቼ ነው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚኬደው? ጉልበቱ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፤ ወድቃ መቆም ካቃታት፤ ክብደቷ ያለ ምክንያት ከቀነሰና ሌሊት ሌሊት ካላባት፤ ባቷ አብጦ ካመማት። እነዚህ የእርጅና ጉልበት ምልክቶች አይደሉም፤ መግል፣ ስብራት፣ የአጥንት ነቀርሳ ወይም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የጤና መድን ካርዷ መታደሱን አጣራ፤ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፋ ትሂድ። ደብረ ታቦር ቅርብ ነው፤ ካልሆነ ባሕር ዳር ጥበበ ጊዮን፣ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ጎንደር ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሠለጥን ነውና ሥራውን የሚያሳያት ሰው አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ፣ ወራት ተቆጥሮ፣ አሁንም መራመድ ካቃታትና ራጁም ከተስማማ፣ ያኔ ሰው ሠራሽ ጉልበት የመተካቱን ነገር ከአጥንት ሐኪም ጋር እንመካከራለን። እሱ እንደ ማጠቡ ከንቱ አይደለም፤ ብዙዎችን አቁሟል። ግን ይህንንም እወቅ፦ ጉልበታቸው ከተተካላቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሕመሙ አይተዋቸውም። የቆየ ጉልበት ወጥቶ ብረት ገብቷል፤ የነቃው ነርቭ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ለቀዶ ጥገናም ቢሆን ጡንቻዋን ያበረታችና እንቅልፏን ያስተካከለች ሴት ናት የምትጠቀመው። ዛሬ የምንጀምረው ሥራ በየትኛውም መንገድ አይባክንም።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው ይባላል፤ አንተ ግን ሰሚ ልጅ ነህ። ለትኬቱ ያሰብከውን ብር ለአህያው ኪራይና ከፍ ላለው ወንበር አድርገው። እሑድ ስትደውልላት «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አትበላት፤ «ሳምንቱን እስከ የት ሄድሽ?» ብለህ ጠይቃት። መልሷን ጽፈህ ያዝ፤ በሚቀጥለው እሑድ ትንሽ ራቅ ማለቷን ስትነግርህ ደስታህ በድምፅህ ይሰማት።

እግዚአብሔር ዕድሜዋን ከጤና ጋር ይስጥልን። ለአንተም እናትህን በእግሯ ሄዳ ደጅህን ስታንኳኳ የምትቀበል ያድርግህ። አሜን በል።